ፈጣን ተነቃይ የመነጽር ማያያዣ

ፈጣን ተነቃይ የመነጽር ማያያዣ በተለምዶ ስኮፕ የሚባለውን የማነጣጠሪያ መነጽር ከጠመንጃ ጋር አጥብቆ የሚይዝ፣ ሲያስፈልግ ግን ያለ መፍቻ በእጅ ብቻ ተነቅሎ እንደገና የሚታሰር ዕቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ወይም ከብረት ይሠራል። በዒላማ ተኩስ የዚህ ዕቃ አስተማማኝነት በሁለት ነገሮች ይመዘናል። አንደኛው መቆየት ሲሆን፣ ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር መነጽሩ ከቦታው አለመንቀሳቀሱ ማለት ነው። ሁለተኛው መመለስ ሲሆን፣ መነጽሩ ተነቅሎ እንደገና ሲታሰር ቀድሞ ወደነበረበት አቅጣጫ መምጣቱ ማለት ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ቢነገሩም መንስኤያቸውም ሆነ መፈተሻቸው የተለያየ ነው።

በፍጹም ትክክለኛነት ወደ ቦታው የሚመለስ ማያያዣ የለም። ጥሩ የሚባለው፣ የሚያመጣው ልዩነት ጠመንጃውና ጥይቱ ራሳቸው ከሚያመጡት መበታተን ያነሰ ሲሆን ነው።

ዜሮ ማድረግ

ጥይት ከአፈሙዝ ከወጣ በኋላ በመሬት ስበት እየተሳበ በተጠማዘዘ መስመር ይጓዛል። በመነጽሩ የሚታየው የእይታ መስመር ግን ቀጥ ያለ ነው። ተኳሹ በአንድ በተወሰነ ርቀት፣ ለምሳሌ በ100 ሜትር፣ ሁለቱ መስመሮች ዒላማው ላይ እንዲገናኙ የመነጽሩን ማስተካከያ ቁልፎች ያዞራል። ይህ ሥራ ዜሮ ማድረግ ይባላል። ሥራው ዋጋ የሚኖረው የመነጽሩ ቱቦና አፈሙዙ እርስ በርሳቸው ያላቸው አቅጣጫ ሳይለወጥ ከቆየ ብቻ ነው። ይህን አቅጣጫ የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ማያያዣ ነው።

የአቅጣጫ ልዩነት በማዕዘን ይለካል። 1 የማዕዘን ደቂቃ የ1 ዲግሪ 1/60ኛ ሲሆን በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። 1 ሚሊራዲያን ደግሞ በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር ነው። በብዙ የዒላማ መነጽሮች ላይ የማስተካከያ ቁልፉ አንድ ጊዜ ጠቅ ሲል አቅጣጫው በ1/4 የማዕዘን ደቂቃ ወይም በ0.1 ሚሊራዲያን ይለወጣል። ይህም በ100 ሜትር ላይ በቅደም ተከተል 7 ሚሊሜትር ገደማ ወይም 1 ሴንቲሜትር ማለት ነው።

ታሪክ

ተነቃይ ማያያዣዎች መጀመሪያ በስፋት የታወቁት በጀርመንና በኦስትሪያ አዳኞች ዘንድ ነው። በጀርመን ቱሪንጊያ ግዛት በምትገኘው፣ በጠመንጃ ሥራዋ በታወቀችው በዙል ከተማ ስም የሚጠራው የጥፍር ማያያዣ ከመነጽሩ ሥር በወጡ የብረት ጥፍሮች በጠመንጃው ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ውስጥ እየገባ ይቆለፋል። ጥፍሮቹን ጠመንጃ ሠሪው በሞረድ እየሞረደ ለዚያው ጠመንጃ ብቻ ያስማማቸዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አልሞ ተኳሾች ይዘዋቸው ከነበሩት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ይህ ዓይነት ማያያዣ ነበራቸው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር የተጠቀመበት ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ መነጽሩን በጎን በኩል በሁለት በእጅ የሚዞሩ ብሎኖች ይይዝ ነበር። መነጽሩ ለብቻው በቆርቆሮ ሣጥን ይቀመጣል፤ የመነጽሩም ቁጥር በጠመንጃው ሰደፍ ላይ ይታተማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አንድ መነጽር ወደ ቦታው የሚመለሰው ለራሱ ጠመንጃ ሲታሰር ብቻ ነው። በ1963 ሶቪየት ኅብረት የተቀበለችው የድራጉኖቭ ጠመንጃም መነጽሩን በግራ ጎኑ ባለ ሐዲድ ላይ በአንድ መቆለፊያ እጀታ ይይዛል።

በአሜሪካ የዒላማ ተኩስ ለረጅም ዘመን የተለመደው ጆን ኡነርትል እንደሠራቸው ያሉ ረጃጅም መነጽሮች ነበሩ። የነዚህ መነጽሮች ማስተካከያ ያለው በማያያዣው ላይ ሲሆን፣ ማያያዣው በአፈሙዙና በጠመንጃው አካል ላይ በተሰኩ ትንንሽ የብረት እግሮች ላይ በእጅ ብሎን ይታሰራል። ሁለቱ እግሮች በ7.2 ኢንች ማለትም በ18.3 ሴንቲሜትር ሲራራቁ፣ አንዱ ጫፍ በ0.0127 ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ አቅጣጫውን በ1/4 የማዕዘን ደቂቃ ገደማ ይለውጠዋል። እነዚህ መነጽሮች ማያያዣ ምን ያህል ረቂቅ ትክክለኛነት እንደሚያስፈልገው ጥሩ ማሳያ ናቸው።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሐዲድ የተወለደው ከአሜሪካዊው ዊልያም ራልፍ ዊቨር ንድፍ ነው። በዊቨር ሐዲድ ላይ ያሉት ተሻጋሪ ቦዮች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ከአምራች አምራች ይለያይ ነበር። በ1995 የአሜሪካ ጦር በኒው ጀርዚ በሚገኘው የፒካቲኒ የጦር መሣሪያ ማዕከል ስም የሚጠራውን ሐዲድ በደረጃ ደነገገ። በዚህ ሐዲድ የእያንዳንዱ ቦይ ስፋት 5.23 ሚሊሜትር፣ ከአንዱ ቦይ መካከል እስከ ሌላው መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 10.01 ሚሊሜትር ነው። በ2009 ኔቶ ያጸደቀው ደረጃ ከዚህ ሐዲድ ጋር የሚስማማ ሲሆን አንድ ቁም ነገር ጨመረ፦ ማያያዣው በጎን ባሉት ዘንበል ያሉ ገጾች ላይ ከሚደገፍ ይልቅ በሐዲዱ ጠፍጣፋ የላይኛ ገጽ ላይ ቢያርፍ ወደ ቦታው በተሻለ ይመለሳል።

አሠራር

ማያያዣው ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። እነሱም መነጽሩን የሚያቅፉ ቀለበቶች፣ ቀለበቶቹን የሚሸከም መሠረት፣ እንዲሁም መሠረቱን ከሐዲዱ ጋር የሚያጣብቅ መንጋጋ ናቸው። ፈጣን ተነቃይ የሚያሰኘው የመንጋጋው አዘጋግ ነው።

በእጅ የሚጠብቅ ዳዶ ያለው ዓይነት ቀላልና ጠንካራ ነው። ነገር ግን የሚጠብቅበት ኃይል በእጅ ስለሚወሰን በየጊዜው ሊለያይ ይችላል። መቆለፊያ እጀታ ያለው ዓይነት ደግሞ እጀታው ሲዞር ከመሃሉ ወጣ ባለ ክብ አማካይነት መንጋጋውን ይስባል። እጀታው ሁልጊዜ እኩል ስለሚዞር፣ ኃይሉ አስቀድሞ በተስተካከለ ዳዶ ይወሰናል። ይህ ጥቅምም ጉዳትም አለው። በአንድ ጠመንጃ ላይ ኃይሉን አንድ ወጥ ያደርገዋል፤ ስፋቱ ትንሽ ወደሚለይ ሌላ ሐዲድ ሲዛወር ግን ዳዶው እንደገና ካልተስተካከለ እጀታው ወይ ይላላል ወይ አልዘጋም ይላል።

ማንኛውም ጠጣር አካል በስድስት መንገድ መንቀሳቀስ ይችላል፦ በሦስት አቅጣጫ መሄድና በሦስት አቅጣጫ መዞር። መነጽር አንድ ቦታ ላይ የሚወሰነው ስድስቱም መንገዶች ሲዘጉ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፊዚክስ ሊቅ በሎርድ ኬልቪን ስም የሚጠራው አያያዝ በስድስት የመነካኪያ ነጥቦች ብቻ ይህን የሚያደርግ ሲሆን፣ በቤተ ሙከራ መሣሪያዎች ላይ ወደ ቦታ በመመለስ ይታወቃል። የጠመንጃ ሐዲድ ግን ረጃጅም ገጾችን በገጾች ላይ ስለሚያሳርፍ የመነካኪያ ቦታው ከስድስት በላይ ነው። ስለዚህ ማያያዣው የትኞቹ ነጥቦች ላይ እንደሚያርፍ በገጾቹ ልስላሴና ንጽሕና፣ በሚጠብቅበትም ኃይል ይወሰናል።

ትንሽ መዛነፍ እንዴት ይጎላል

መነጽሩ እንዳለ ሳይጣመም 0.1 ሚሊሜትር ወደ ጎን ቢሸሽ፣ ምቱም በ0.1 ሚሊሜትር ብቻ ይሸሻል። ይህ የማይታይ ልዩነት ነው። ችግር የሚመጣው አንዱ ጫፍ ከሌላው ሲለይ፣ ማለትም መነጽሩ ሲጣመም ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የጫፉን መዛነፍ በሁለቱ መደገፊያዎች መካከል ባለው ርቀት አካፍሎ በዒላማው ርቀት ማባዛት ነው።

መደገፊያዎቹ በ100 ሚሊሜትር ቢራራቁና አንዱ በ0.01 ሚሊሜትር ቢነሳ፣ ምቱ በ100 ሜትር ላይ 1 ሴንቲሜትር፣ በ300 ሜትር ላይ 3 ሴንቲሜትር ይሸሻል። ተራ የጽሕፈት ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው። የወረቀት ብጣሽ በአንዱ መደገፊያ ሥር ብትገባ በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር ታዛንፋለች። በሐዲዱ ላይ የቀረች የአሸዋ ፍሬ ወይም የተጋገረ የቅባት ቆሻሻ ስንት ዋጋ እንዳላት ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከዚሁ ስሌት እንደሚታየው፣ መደገፊያዎቹ በተራራቁ ቁጥር ተመሳሳይ መዛነፍ የሚያመጣው ስህተት ይቀንሳል።

መቆየትን የሚፈታተነው ኃይል

ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይገፋል። መነጽሩ ባለበት መቅረት ስለሚፈልግ ከጠመንጃው አንጻር ወደ ፊት፣ ወደ አፈሙዙ ጫፍ ሊሸሽ ይሞክራል። ለምሳሌ 11 ግራም የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 800 ሜትር ፍጥነት ከ5.5 ኪሎ ግራም ጠመንጃ ቢወጣ፣ የባሩዱ ጋዝ ሳይቆጠር ጠመንጃው በሰከንድ 1.6 ሜትር ያህል ፍጥነት ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህ ፍጥነት የሚደረሰው ጥይቱ በአፈሙዙ ውስጥ ባለበት በ1.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ከሆነ፣ 1 ኪሎ ግራም በሚመዝን መነጽር ላይ በአማካይ 1,300 ኒውተን ያህል ኃይል ያርፋል። ይህም ለቅጽበት ከ130 ኪሎ ግራም በላይ ሸክም እንደመሸከም ነው። በ5.6 ሚሊሜትር ትንሽ ጥይት ግን ኃይሉ እጅግ ያነሰ በመሆኑ ማያያዣው ብዙ አይፈተንም።

ይህን ኃይል በመንጋጋው ሰበቃ ብቻ መቋቋም አስተማማኝ አይደለም። ለዚህ ሲባል ከማያያዣው ሥር በሐዲዱ ቦይ ውስጥ የሚገባ ተሻጋሪ ብሎን ወይም የብረት ጥርስ ይኖራል። ጥርሱ ከቦዩ ትንሽ ስለሚጠብብ ክፍተት ይቀራል። በመሆኑም ማያያዣው ከመቆለፉ በፊት ጥርሱ የቦዩን የፊት ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ወደ አፈሙዙ አቅጣጫ ይገፋል። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ራሳቸው ይገፉታል፤ ዜሮውም በተኩስ መካከል ይለወጣል።

የተለመዱ የስህተት ምንጮች

ተኳሾች ማያያዣውን ሲወቅሱ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በአቅራቢያው ያለ ሌላ ክፍል ነው። ሐዲዱን ከጠመንጃው አካል ጋር የሚይዙት ትንንሽ ብሎኖች ሊላሉ ይችላሉ። ቀለበቶቹ በሚገባ ካልጠበቁ መነጽሩ በውስጣቸው ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቁ ደግሞ ቱቦውን ይጨፈልቁታል። በሁለት የተለያዩ መሠረቶች ላይ የሚታሰሩ ቀለበቶች በአንድ መስመር ላይ ካልሆኑ ቱቦውን ያጣምሙታል። የተጣመመው ቱቦ በተነቀለ ቁጥር ይፈታና ሲታሰር እንደገና ይጣመማል። አንድ ወጥ መሠረት ይህን ችግር በአብዛኛው ያስቀራል።

ሌላው ምንጭ መበላት ነው። አሉሚኒየም መንጋጋ በብረት ሐዲድ ላይ ብዙ ጊዜ ሲታሰርና ሲፈታ ጠርዙ ቀስ በቀስ ይበላል፤ እጀታውም ይላላል። እንዲሁም በመነጽሩ ውስጥ የዒላማው ምስልና መስቀለኛው ምልክት በአንድ ገጽ ላይ ካልተስተካከሉ፣ የተኳሹ ዓይን ትንሽ ሲያዘነብል ምልክቱ በዒላማው ላይ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ጉንጩን በሰደፉ ላይ በየጊዜው በተለያየ ቦታ የሚያሳርፍ ተኳሽ ይህን የማያያዣው ጥፋት አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

መመለስን መፈተሽ

የተለመደው ፈተና አምስት ጥይት መተኮስ፣ መነጽሩን ነቅሎ ማሰር፣ ሌላ አምስት መተኮስና ሁለቱን ስብስቦች ማወዳደር ነው። ይህ ፈተና ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ውጤት ይሰጣል። አንድ ጠመንጃ በ100 ሜትር ላይ ምቶቹን በአንድ አቅጣጫ በ8 ሚሊሜትር ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚበትን ከሆነ፣ የአምስት ምቶች አማካይ ራሱ በ3.6 ሚሊሜትር ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ይዋዥቃል። የሁለት ስብስቦች ልዩነት ደግሞ በ5 ሚሊሜትር ገደማ ይዋዥቃል። ስለዚህ መነጽሩ ጭራሽ ሳይነካ እንኳ የ5 ሚሊሜትር ልዩነት ቢታይ የሚያስደንቅ አይደለም። በተቃራኒው እውነተኛ የ5 ሚሊሜትር መዛነፍ ተደብቆ ሊያልፍ ይችላል። በእያንዳንዱ ስብስብ 20 ምት ቢተኮስ ውዥቀቱ ወደ 2.5 ሚሊሜትር ይወርዳል።

የተሻለው ፈተና የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይይዛል፦

1. ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ ይደገፋል፤ ጥይቱም ከአንድ ዓይነትና ከአንድ እሽግ ይሆናል።
2. መነጽሩ ሳይነቀል በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ላይ ይተኮሳል። የሁለቱ አማካዮች ልዩነት እንደ መነሻ ይያዛል።
3. ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ መነጽሩ እየተነቀለና እየታሰረ 20 ጥይት በሦስተኛ ወረቀት ላይ ይተኮሳል።
4. የሦስተኛው ወረቀት መበታተን ከመነሻው ጋር ይነጻጸራል። ማያያዣው በየጊዜው የተለያየ ቦታ የሚያርፍ ከሆነ ስብስቡ ይሰፋል፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ከሆነ አማካዩ ይሸሻል።

ሁለት እርስ በርስ የማይገናኙ መበታተኖች የሚደመሩት እንደ ተራ ቁጥር ሳይሆን በካሬያቸው ነው። የጠመንጃው 8 ሚሊሜትር ከሆነና ማያያዣው 3 ሚሊሜትር ቢጨምር፣ ድምሩ 11 ሳይሆን 8.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ማያያዣው 8 ሚሊሜትር ሲያመጣ ግን ድምሩ ወደ 11.3 ይወጣል። ከጠመንጃው መበታተን በግማሽ ያነሰ የማያያዣ ስህተት በውጤት ላይ እምብዛም የማይታየው ለዚህ ነው።

ሳይተኮስ የሚደረግም ፈተና አለ። ኮሊሜተር የሚባል፣ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገጠምና የመረብ ምስል የሚያሳይ መሣሪያ መስቀለኛው ምልክት ከመነቀሉ በፊትና በኋላ የት እንዳረፈ ያሳያል። ይህ የተኳሹንና የጥይቱን ስህተት ያስወግዳል። ነገር ግን የሚለካው መመለስን ብቻ ስለሆነ፣ መነጽሩ በተኩስ ግፊት ሥር ስለ መቆየቱ ምንም አይናገርም።

በውድድር ውስጥ

በኦሎምፒክ የጠመንጃ ውድድሮች አጉሊ መነጽር ስለማይፈቀድ ጥያቄው አይነሳም። በአሜሪካ በሚደረገው በደረት ተኝቶ የ5.6 ሚሊሜትር ጠመንጃ ውድድር ግን አንዱ ክፍል በብረት ማነጣጠሪያ ብቻ፣ ሌላው ክፍል በማንኛውም ማነጣጠሪያ ይካሄዳል። ተወዳዳሪው በአንዱ ጠመንጃ ሁለቱንም ለመተኮስ መነጽሩን መንቀልና ማሰር ይኖርበታል። ተነቃይ ማያያዣ ለዒላማ ተኳሽ ግልጽ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው።

ኤፍ ክላስ በሚባለው የረጅም ርቀት ውድድር ደግሞ ትክክለኛነት እጅግ ይጠብቃል። በአሜሪካ በ1,000 ያርድ ማለትም በ914 ሜትር የሚተኮስበት ዒላማ የ10 ነጥብ ክብ 25.4 ሴንቲሜትር ስፋት አለው። በ100 ሚሊሜትር መደገፊያ ላይ የ0.01 ሚሊሜትር መዛነፍ በዚህ ርቀት 9 ሴንቲሜትር፣ የ0.02 ሚሊሜትር መዛነፍ ደግሞ 18 ሴንቲሜትር ይሆናል። የመጀመሪያው በትክክል መሃል ላይ ሊያርፍ የነበረን ጥይት በ10 ክብ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ሁለተኛው ግን ያወጣዋል።

ይሁን እንጂ በብዙ ውድድሮች ነጥብ ከመቆጠሩ በፊት የሙከራ ጥይት መተኮስ ይፈቀዳል። መነጽሩ ተነቅሎ ሲመለስ ትንሽ ቢዛነፍ ተወዳዳሪው በሙከራው ጊዜ ጥቂት ጠቅታ አዙሮ ያስተካክለዋል። ሊያስተካክለው የማይችለው ነጥብ እየተቆጠረ ሳለ ቀስ በቀስ የሚንቀሳቀስ መነጽርን ነው። እያንዳንዱ መዛነፍ የነፋስ ወይም የራሱ ስህተት እየመሰለው ቁልፉን ያዞራል፤ በማግስቱም ችግሩ የት እንደነበር አያውቅም። ስለዚህ ለዒላማ ተኳሽ ከመመለስ ይልቅ መቆየት ይቀድማል። ያለ ሙከራ ጥይት የመጀመሪያዋ ምት ብቻ ለምትቆጠርለት አዳኝ ግን መመለስም እኩል ዋጋ አለው።

ከቋሚ ማያያዣ ጋር ሲነጻጸር

በብሎን የሚታሰር ቋሚ ማያያዣ የሚንቀሳቀሱ ክፍሎቹ ጥቂት በመሆናቸው የሚበላም የሚላላም ነገር የለውም ማለት ይቻላል። በቶርክ ሬንች የተወሰነ ኃይል ሲጠብቅ በየጊዜው ተመሳሳይ ኃይል ይይዛል። አንዳንድ አምራቾች ለሐዲድ መንጋጋ 7 ኒውተን ሜትር ገደማ ይመክራሉ። እንዲህ ያለው ማያያዣ በተመሳሳይ ቦይ ላይና በተመሳሳይ ኃይል ከታሰረ፣ ፈጣን ባይሆንም ራሱ በጥሩ ሁኔታ ወደ ዜሮ ሊመለስ ይችላል። መነጽሩን ከዓመት እስከ ዓመት የማይነቅል ተኳሽ ከመቆለፊያ እጀታ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው።

ጥንቃቄ

መነጽር ከመነቀሉ ወይም ከመታሰሩ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። የሐዲዱና የመንጋጋው ገጾች በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋሉ፤ መነጽሩም ሁልጊዜ በዚያው ቦይ ላይ ይመለሳል። ለዚህም ቦዩ በቀለም ምልክት ይደረግበታል። ጠመንጃው ከወደቀ፣ በጉዞ ላይ ከተመታ ወይም ማያያዣው ከተነቀለ በኋላ የመጀመሪያው ተኩስ በቅርብ ርቀት፣ ለምሳሌ በ25 ሜትር፣ በሰፊ ወረቀት ላይ ይደረጋል። በእጅጉ የተዛነፈ መነጽር ያለው ጠመንጃ በረጅም ርቀት ሲተኮስ ጥይቱ ከዒላማው ጀርባ ካለው የአፈር መከላከያ በላይ ሊያልፍ ይችላልና።